አርባ ስድስተኛው እርማት

በዓለም ያሉ አዳራሾች ሁሉ አንድ ቀን ቢደረመሱ፣ ከፍርስራሹ ሥር መጀመሪያ ብድግ ብሎ ኮቱን የሚያራግፈው አራሚው ነው። ዙሪያውን ገልመጥ ያደርግና፣ «ጣራው መጀመሪያ የወደቀው በዚያ በኩል አይደለም» ይላል። ነርስ መጥታ ቁስሉን ስታሽግለትም የፋሻውን አጠማጠም ያርማል። አራሚ የማይገኝበት ሠርግ የለም፤ አራሚ የማይገኝበት ክርስትና የለም። ቀብር ላይ እንዲያውም ይበረታል፤ ሟቹ አይመልስለትማ።

በሰሜን ዊኒፔግ ያለው የኛ የዩክሬናውያን አዳራሽም የራሱ አለው፦ ክቡር ፓን (በእኛ ቋንቋ «አቶ») ዜኖን ፕሪስቱፓ፣ የአዳራሹ ጸሐፊ፣ የማኅተሙ ጠባቂ፣ ሊቀ አራሚያን። ለጸሐፊነት የተመረጡት ከአርባ አንድ ዓመት በፊት፣ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ ምርጫ ቀርቶ አያውቅም፤ በየሁለት ዓመቱ ይደረጋል። ነገር ግን የዕጩዎቹን ዝርዝር የሚያነቡት እሳቸው ስለሆኑ፣ የጸሐፊው ቦታ ላይ ሲደርሱ ገጹን ገለጥ አድርገው ያልፉታል። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የእህል ሚዛን መርማሪ ነበሩ። ከጎተራ ጎተራ እየዞሩ ሚዛን በግራም እንዳይዋሽ ሲጠብቁ ሠላሳ አራት ዓመት ኖረዋል። እሳቸው ሥራውን ተዉት እንጂ ሥራው እሳቸውን አልተዋቸውም።

ንግግራቸው ሁልጊዜ በአንድ ሐረግ ይጀምራል፦ «በእኛ መንደር እንዲህ አይደለም።»

መንደሩ ቪልሂቭካ ነው፤ ከውቅያኖሱ ማዶ፣ ወንዝ ዳር። እዚህ ዊኒፔግ የተወለድነው ሁሉ ቪልሂቭካን ከገዛ ሰፈራችን አብልጠን እናውቀዋለን። ወፍጮው በየት በኩል እንዳለ፣ አንድ ዐይና ፈረስ የነበረው ማን እንደሆነ፣ የካህኑ ሚስት ከማን ጋር እንደተኮራረፈች ተኝተን ብንጠየቅ እንመልሳለን። መንደሩን የሚያውቁ ሌላ ሰው ቢኖሩ የወጥ ቤታችን አለቃ ፓኒ (ወይዘሮ) ኦልሃ ኪንድራት ናቸው፤ ስምንት ዓመት እስኪሆናቸው እዚያ አድገዋል። ነገር ግን ስለ ቪልሂቭካ አንዲት ቃል ሲተነፍሱ የሰማ የለም። ፓን ዜኖን ሲያወሩ እሳቸው ድንች ይልጣሉ። ከጠየቅናቸውም፣ ፓን ዜኖንን በቁልምጫ እየጠሩ፣ «ዜንኮ ይንገራችሁ፤ እሱ ነው የሚያውቀው» ብለው ቢላዋቸውን ይስላሉ።

እንዲህ ያለው ሰው ማኅተም ሲይዝ ምን እንደሚሆን ለማየት ፊልም ሠሪ መሆን ያስፈልጋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጅ ያልነበረው አንድ የሳስካችዋን ስንዴ ነጋዴ ሲሞት ሀብቱን ለአንድ ፈንድ ተናዘዘ። ፈንዱ በየዓመቱ፣ በስደት ያለውን የዩክሬናውያን ኑሮ ለሚመረምሩ ፊልም ሠሪዎች፣ የካርቱን ሠዓሊዎችና ድምፅ ቀራጮች ገንዘብ ይሰጣል። አመልካቹ ዕቅዱን፣ የሦስት ደቂቃ ናሙናውንና ከአንድ የማኅበረሰብ ተቋም የተጻፈ የድጋፍ ደብዳቤ ማቅረብ አለበት። ቅጹ ፊርማ እንጂ ማኅተም አይጠይቅም። ማኅተሙን የጨመሩት ፓን ዜኖን ናቸው። እሳቸው ለዓመታት ሳይታክቱ ሲያትሙ ፈንዱም ዐይኑ ለመደውና፣ አሁን ማኅተም የሌለበት ደብዳቤ ሲመጣ «አልተሟላም» ብሎ ይመልሰዋል። ማኅተሙ የሚኖረው በመነጽር ማኅደር ውስጥ፣ ማኅደሩም በፓን ዜኖን ኮት የውስጥ ኪስ ነው።

ኦስታፕ የሚባል ጓደኛችን በሰም ስለሚሣል የፋሲካ እንቁላል ፊልም ሊሠራ ተነሣና ናሙናውን አሳያቸው። ናሙናው ላይ አንዲት ቆንጆ ልጅ እንቁላሉን ጨብጣ ብዕሯን ታዞራለች። ፓን ዜኖን ፊልሙን አስቆሙት።

«ልጄ፣ እጅ አይዞርም። የሚዞረው እንቁላሉ ነው።»

ኦስታፕ፣ ተመልካች ይህን አያስተውልም ብሎ ተከራከረ።

«እንቁላሉ ያስተውላል» አሉት።

ሁለት ሳምንት ፈጅቶ እንደገና ቀረጸው። በኋላ ፊልሙ ሲሸለም፣ ሸላሚዎቹ ከሁሉ አብልጠው ያወደሱት እንቁላሉ በቀስታ የሚዞርበትን ቦታ ነበር። ኦስታፕ ሽልማቱን ተቀብሎ ሲወርድ ፊቱ ጥርሱን የተነቀለ ሰው ፊት ይመስል ነበር።

ከቶሮንቶ የመጣችው የካርቱን ሠዓሊ ደግሞ የገጠር ቤተ ክርስቲያን ሥላ፣ ሽበታም ዲያቆን በሩ ላይ አቁማ፣ ጥልፍ ሸሚዝ አልብሳው መጣች። ፓን ዜኖን መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፉት፤ ወደ ስክሪኑ ተጠጉ፤ ጥልፉን ቆጠሩት። ጥልፉ ለጋብቻ የደረሰች ልጃገረድ የምትለብሰው ነበር። «ዲያቆኑን ልትድሪው ከሆነ ለሚስቱ ንገሪያት» ብለው ማኅደሩን ወደ ኪሳቸው መለሱት። ድምፅ ቀራጩም አላመለጠም። ይህ ልጅ ባዶ አዳራሽ ምን እንደሚል ለማሰማት ብሎ ግማሽ ሰዓት ዝምታ ቀርጾ መጣ፤ ርእሱም «የአያቶቼ ዝምታ» ነው። ዝምታ ደግሞ ምን ይታረማል ብሎ ተዝናንቶ ተቀመጠ። ፓን ዜኖን ግማሽ ሰዓቱን ሙሉ ዐይናቸውን ጨፍነው ካዳመጡ በኋላ፣ የሚሰማው በዘጠና አራት ዓ.ም. የተገዛው ማቀዝቀዣ ድምፅ መሆኑን፣ አያቶቹ ግን በሰማንያ ስምንት ማረፋቸውን ገለጹለት።

በዚህ ሁሉ ጊዜ እኔ ከጓደኞቼ ጋር ሆኜ ስስቅ ነበር። ሰው በሌላው ቤት እሳት እጁን ይሞቃል።

ተራዬ የመጣው አዳራሹ ሊሸጥ መወሰኑ የተሰማ ዕለት ነው። ማሞቂያው አርጅቷል፤ ወጣቱ ወደ ከተማው ዳር ሄዷል፤ ገዢው የስፖርት ቤት ሊያደርገው ነው። በመጋቢት ቁልፉን ይረከባል። ስለዚህ በአዳራሹ የምንበላው የገና ዋዜማ እራት አንድ ብቻ ቀርቶናል ማለት ነው። ያንን እራት ለመቅረጽ ሁለት ካሜራና አንድ የድምፅ ባለሙያ ያስፈልገኛል፤ ፈንዱ እንቢ ካለ አንዱንም አላገኝም። በሚቀጥለው ዓመት ልሞክር እንዳልል፣ በሚቀጥለው ዓመት በዚያ ወለል ላይ የሚቆመው የመሮጫ ማሽን ነው። ማመልከቻው የሚዘጋው ዓርብ ከቀኑ ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ዕቅዱንና ናሙናውን ለፓን ዜኖን ሰጠኋቸው። ናሙናው ባለፈው ዓመት እራት ላይ በስልኬ የቀረጽኩት ነው፤ አብዛኛው እሳቸው ናቸው። ሰማያዊ ከረባታቸውን አስረው፣ ስለ ኩቲያ ይናገራሉ። ኩቲያ በማርና በፖፒ ዘር የተለወሰ የስንዴ ንፍሮ ነው። በዋዜማው እራት የቤቱ ታላቅ ወንድ አንድ ማንኪያ ዘግኖ ወደ ላይ ይወረውራል፤ ንፍሮው ኮርኒሱ ላይ ከተጣበቀ ዓመቱ ጥጋብ ነው። ናሙናው ላይ ፓን ዜኖን ጣታቸውን ወደ ኮርኒሱ ቀስረው፣ «በእኛ መንደር» ይላሉ፣ «አባወራው የወረወረው ኩቲያ እስከ ጥምቀት ድረስ አይወርድም ነበር።»

ማክሰኞ ደወሉልኝ።

«ክሴንያ፣ ልጄ፣ ማዕዱ ላይ የጾም ምግብ ዐሥራ ሁለት መሆን አለበት። ቆጠርኩ። ዐሥራ አንድ ነው።»

ዐሥራ ሁለተኛው፣ የእንጉዳይ ወጡ፣ ከፓኒ ኦልሃ ክንድ ጀርባ ተከልሎ ነው አልኳቸው።

«የፓኒ ኦልሃ ክንድ ምግብ አይደለም» አሉና ዘጉት።

ረቡዕ ድምፃቸው ጠፋ። ሐሙስም አልደወሉም። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ልቤ አልችል ብሎ ወደ አዳራሹ ሄድኩ። ፓኒ ኦልሃ ወጥ ቤት ውስጥ ጎመን ይከትፉ ነበር። ደብዳቤዬ እንዳልደረሰ፣ ነገ ቀኑ እንደሚያልፍ ነገርኳቸው። ቀና ሳይሉ፣ ዜንኮ ስሕተት እየፈለገ ስለሆነ ነው፣ ሲጨርስ ይመጣል አሉኝ። አንድ ጊዜ የጳጳሱን ቡራኬ አርሞ፣ ጳጳሱ እንደገና እስኪባርኩ ሾርባችን ቀዝቅዟል፤ አንቺ ከጳጳስ አትበልጪም አሉ። እኔም ካሮት መላጥ ጀመርኩ። በዚያ ወጥ ቤት ባዶ እጁን ቆሞ የሚጨነቅ ሰው አይወደድም።

ዓርብ ዐሥር ሰዓት ላይ ፓን ዜኖን ቢሮ ጠሩኝ። ሰማያዊ ከረባታቸውን አስረዋል። ጠረጴዛው ላይ የድጋፍ ደብዳቤዬ አለ፦ ዘጠኝ ገጽ፣ በታይፕራይተር የተመታ፣ እያንዳንዱ ገጽ ማኅተም ያለበት። የመጀመሪያው መስመር «ፊልሙ ቢሠራ አዳራሹ ይደግፋል» ይላል። ከዚያ በታች፣ «ይሁን እንጂ» ብሎ እርማቱ ይጀምራል። ቁጥር አንድ የማዕድ ጨርቁ ጥልፍ ተገልብጦ መነጠፉ ነው። ቁጥር ሁለት የስንዴ ነዶው በተሳሳተ ማዕዘን መቆሙ ነው። እንዲህ እያለ ይቀጥላል።

ፈንዱ የሚጠብቀው ግማሽ ገጽ ምስጋና እንደሆነ፣ ዳኞቹ ይህን ሲያዩ ተቋሙ ፊልሙን ይቃወማል እንደሚሉ በትሕትና አስረዳኋቸው።

«መደገፍ ማለት ሚዛኑን ማስተካከል ነው» አሉኝ። «የተንጋደደ ነገር አቅፎ ጎበዝ ጎበዝ ማለት ድጋፍ አይደለም።»

ሌላ ደብዳቤ ለማስጻፍ ጊዜ የለም፤ ማኅተሙም ወደ ኪሳቸው ገብቷል። እዚያው ቢሮ ባለው ማሽን አንድ በአንድ ስካን ማድረግ ጀመርኩ። እሳቸው ከጀርባዬ ቆመው አራተኛው ገጽ መንጋደዱን ነገሩኝ፤ ደገምኩት። ሰባተኛው ላይም እንዲሁ። ዘጠነኛውን ሳነሣ ግን ወደ መስኮቱ ሄደው፣ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ መነጽራቸውን ይወለውሉ ጀመር። ነገሩ ገርሞኝ ገጹን አየት አደረግኩት። የመጨረሻው እርማት እንዲህ ይላል፦

«46. ናሙናው ላይ፣ ሁለተኛው ደቂቃ ከዐሥራ አራተኛው ሰከንድ፣ ሰማያዊ ከረባት ያሰረው ሰውዬ ‹በእኛ መንደር› ይላል። ስሕተት። ሰውዬው የተወለደው ከጦርነቱ በኋላ፣ ጀርመን አገር፣ በስደተኞች ሰፈር፣ በጣውላ ቤት ቁጥር ዘጠኝ ውስጥ ነው። በሦስት ዓመቱ ዊኒፔግ ገባ። ቪልሂቭካን አይቶ አያውቅም። የሚያውቀውን ሁሉ የነገረችው እናቱ ናት፤ እሷም በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ትለውጠው ነበር። ይታረም።»

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ወፍጮው፣ አንድ ዐይናው ፈረስ፣ የካህኑ ሚስት ኩርፊያ በዐይኔ ፊት አለፉ።

«ፓን ዜኖን» አልኩ፣ «ይሄኛውን ልተወው?»

ከመስኮቱ አልዞሩም።

«አዳራሹ ሊዘጋ ነው። ፊልሙ ግን ይቀራል። ሚዛን መርማሪ የራሱን ኪሎ ሲያጭበረብር ይቀረጽ?» አሉ። ሰዓታቸውን አይተው ደግሞ፣ «ላኪው። ሩብ ጉዳይ ሆኗል» አሉ።

ከዐሥራ አንድ ሰዓት ስምንት ደቂቃ ሲቀረው ላክሁት።

ፈንዱ በኅዳር መጨረሻ ፈቀደልኝ። ዳኞቹ ከጻፉልኝ ደብዳቤ ላይ ስለ እኔ ዕቅድ የሚናገረው አንድ መስመር ነው፤ የቀረው፣ ይህ ፕሪስቱፓ የተባሉ ሰው ማን ናቸው፣ ፊልሙ ላይ በሰፊው እንደሚኖሩ ተስፋ እናደርጋለን የሚል ነበር።

የመጨረሻውን እራት ቀረጽነው። የማዕድ ጨርቁን በትክክለኛ ፊቱ ዘረጋሁት፤ ነዶውን ወደ ትክክለኛው ማዕዘን ወሰድኩት፤ ዐሥራ ሁለቱን ምግቦች ቆጠርኩ፤ የፓኒ ኦልሃን ክንድ ሳልፈራ ነካ አድርጌ አሸሸሁት። አርባ አምስቱን እርማቶች ፈጸምኩ። ከዚያ ታላቅ ወንድ በመሆናቸው ፓን ዜኖን ማንኪያውን ያዙ። ኮርኒሱ ከሃያ ዓመት በፊት በሚያብረቀርቅ የዘይት ቀለም ስለተቀባ፣ እሳቸውም በጊዜው ተቃውመው ቃለ ጉባኤ ላይ አስጽፈው ስለነበር፣ ከዚያ ወዲህ አንድ ፍሬ እንኳ ተጣብቆ አያውቅም። ወረወሩ። ኩቲያው ኮርኒሱን መታና አብዛኛው ተመልሶ ወረደ፤ ሦስት ፍሬዎች ግን ቀሩ። ሰው ሁሉ ወደ ፓን ዜኖን ዞረ። ምላሳቸው ላይ የደረሰውን ሐረግ ሁላችንም እናውቀው ነበር።

ማንኪያቸውን ጠረጉና ተቀመጡ።

ሌሊቱን ሙሉ አንድም ነገር አላረሙም። አንድ ሰው ዓሣውን በተሳሳተ ሹካ በላ፤ አንዷ መዝሙሩን ከሁለተኛው አንጓ ጀመረች፤ እሳቸው ሾርባቸውን ይጠጡ ነበር። ሴቶቹ አሟቸው እንደሆነ ጠየቁኝ። የዚያን ሌሊት ቅጂ ቤቴ ወስጄ ሳየው ሁሉም ነገር ትክክል ነው፤ ቀጥ ያለ ነው፤ ደግሞም እንደ ሆስፒታል ምግብ ነው። ስለዚህ የፊልሙን መጀመሪያ ላይ የስልኬን ምስል አስገባሁ፦ ሰማያዊ ከረባት፣ ወደ ኮርኒሱ የተቀሰረ ጣት፣ «በእኛ መንደር»። እንዳለ ተውኩት። አርባ ስድስተኛውን አላረምኩም።

ፊልሙን ያሳየሁት ቁልፉ ሊሰጥ አራት ቀን ሲቀረው፣ እዚያው አዳራሽ ውስጥ፣ አንሶላ ላይ ነው። ወንበር አልበቃም። መብራት ጠፋ፤ ፊልሙ ጀመረ፤ ከረባቱ ታየ፤ «በእኛ መንደር» አለ። ያን ጊዜ ከሁለተኛው ረድፍ አንድ ሰው ተነሣና ጥላው አንሶላውን ለሁለት ከፈለው።

«ይቁም» አሉ ፓን ዜኖን። «አንድ እርማት አልገባም።»

ፊልሙን አስቆምኩት። ቀጥ ብለው ቆመው፣ ቃለ ጉባኤ በሚያነቡበት ድምፅ፣ ቪልሂቭካ አለመወለዳቸውን፣ መንደሩንም አይተውት እንደማያውቁ፣ አርባ ዓመት ሙሉ በሰው መንደር ሲያርሙን መኖራቸውን ተናገሩ። ድምፃቸው ያልተስተካከለው የእናታቸውን ስም ሲጠሩ ብቻ ነው። አዳራሹ ውስጥ የሚሰማው የዘጠና አራት ዓ.ም. ማቀዝቀዣ ሆነ።

ከኋላ፣ ከወጥ ቤቱ በር፣ ፓኒ ኦልሃ ተናገሩ።

«ዜንኮ፣ እናትህ ፓራስካ የጓሮ ጎረቤታችን ነበረች። ፕለማችሁን እየሰረቅኩ በልቻለሁ፤ በአለንጋ ገርፋኛለች። በእኛ መንደር ሰው የማን ልጅ እንደሆነ ይጠየቃል እንጂ የት እንደተወለደ አይጠየቅም። አሁን ተቀመጥ፤ ከልለኸኛል።»

በዚያ አዳራሽ ሰው ፓን ዜኖንን ሲያርም ያየሁት ያን ዕለት ብቻ ነው። ተቀመጡ። ፊልሙን ቀጠልኩ።

መብራቱ ሲበራ ሰው ሁሉ ወደ ቂጣውና ወደ ሻዩ ሄደ። ፓን ዜኖን ዐይናቸውን በመሐረብ ጠርገው፣ መሐረቡን በአራት አጥፈው፣ ወደ እኔ መጡ።

«ፊልሙ ጥሩ ነው» አሉ። «ሦስት ስሕተት አለው።»

ብዕርና ወረቀት አወጣሁ። እጄ ምን ያህል እንደ ቸኮለ አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

«አንደኛ፣ በእኛ መንደር…» አሉና ወደ ወጥ ቤቱ በር ገልመጥ አደረጉ። ከዚያ የሚሰማው የሳህን ኳኳታ ብቻ ነው። እሳቸውም ቀጠሉ።

ሦስት ነው ያሉኝ። እስከ ዐሥራ አንድ ድረስ ጻፍኩ። አላረምኳቸውም።